ከባሕር ጠለል የመጣ ሠንጠረዥ በሐዋሳ ፒያሳ፤ ሱፐርሂት በግምት ወይስ በልኬት?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ለጥገና ሙያ ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚስማማ ይመስለኛል። ሥሩ ያልታወቀ ብልሽት ዛሬ ቢጠገን ነገ ተመልሶ ይመጣልና።

በከተማችን በሐዋሳ፣ በተለይም በፒያሳና በዙሪያው የሚገኙትን ሥጋ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ ካፌዎች፣ ጁስ ቤቶችና መድኃኒት ቤቶች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የዕለት ተዕለት ሥራቸው በማቀዝቀዣ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ከአሞራ ገደል የሚመጣው ዓሣ፣ ከገጠር የሚገባው ወተት፣ ማለዳ የታረደው ሥጋ ሳይበላሽ ለተጠቃሚው የሚደርሰው በማቀዝቀዣ ኃይል ነው። ይሁን እንጂ ማቀዝቀዣው «አልቀዘቅዝ አለ» በተባለ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መፍትሔ ከሁለት አይዘልም፤ አንድም ጋዝ መጨመር፣ አለዚያም የቫልቩን ብሎን በካቻቪቴ ማዞር። ብሎኑ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ ለምን እንደሚዞርና በየትኛው መጠነ ሙቀት ላይ ሊዞር እንደሚገባው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የሚከተለው ነው። ሱፐርሂት የሚባለው ነገር የሚለካ እንጂ የሚገመት አይደለም። ልኬቱም ማቀዝቀዣው በትክክል በሚሠራበት መጠነ ሙቀት ላይ መወሰድና ለሐዋሳ ከፍታ ተስተካክሎ መነበብ ይኖርበታል። ይህን ማስተማርና ማለማመድ ደግሞ የጥገና ባለሙያው ብቻ ሳይሆን የእኛ፣ የሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን፣ ድርሻ ጭምር ነው።

ሱፐርሂት ምንድን ነው?

በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርታችን እንደተማርነው፣ አንድ ፈሳሽ የሚፈላበት መጠነ ሙቀት በላዩ ባረፈው ግፊት ይወሰናል። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲፈላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሐዋሳ ግን 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ግፊት ሲቀንስ የመፍያው ነጥብም ይቀንሳል።

የማቀዝቀዣ ጋዝም ለዚሁ ሕግ ይገዛል። ለምሳሌ አር 134ኤ የተባለውን ጋዝ እንውሰድ። ኢቫፖሬተር በሚባለው፣ ጋዙ እየፈላ ከምግቡና ከአየሩ ሙቀት በሚስብበት ክፍል ውስጥ፣ ፍጹም ግፊቱ 201 ኪሎ ፓስካል ቢሆን ፈሳሹ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ፈሳሽ እስካለ ድረስ የሚስበው ሙቀት በሙሉ ፈሳሹን ወደ ተን ለመለወጥ ስለሚውል መጠነ ሙቀቱ ከፍ አይልም። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ድብቅ ሙቀት ብሎ ያስተማረው ይህንኑ ነው። የመጨረሻዋ የፈሳሽ ጠብታ ከተነነች በኋላ ግን ተኑ ራሱ መሞቅ ይጀምራል። ከኢቫፖሬተሩ በሚወጣው ቱቦ ላይ መጠነ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ሆኖ ቢገኝ፣ ተኑ ከመፍያው ነጥብ በ6 ዲግሪ ሞቋል ማለት ነው። ይህ የ6 ዲግሪ ልዩነት ሱፐርሂት ይባላል።

ይህች ትንሽ ቁጥር ብዙ ነገር ትናገራለች። ኮምፕረሰር የተሠራው ተንን ለመጭመቅ ነው፤ ፈሳሽ አይጨመቅም። ሱፐርሂት ካለ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚሄደው ተን ብቻ ለመሆኑ ምስክር አለን። ሱፐርሂት ወደ ዜሮ ከወረደ ግን ፈሳሽ አምልጦ ወደ ኮምፕረሰሩ ሊገባ፣ ዘይቱን ሊያጥብና ውስጣዊ ቫልቮቹን ሊሰብር ይችላል። በአንጻሩ ሱፐርሂት ከመጠን በላይ ከበዛ ፈሳሹ ገና በመንገድ ላይ ስላለቀ ከኢቫፖሬተሩ ገላ የተወሰነው ያለ ሥራ ይቀራል። ማሽኑ ለረጅም ሰዓት ይሠራል፤ የመብራት ሒሳብ ይጨምራል፤ በሚመለሰው ቀዝቃዛ ተን ይበርድ የነበረው የኮምፕረሰሩ ሞተርም ይግላል። ስለዚህ ሁለቱም ጫፎች ጎጂ ናቸው፤ ትክክለኛው ቦታ በመካከል ነው።

ቫልቩ እንዴት ያስባል?

በየቤታችን ያለው ፍሪጅ የሚጠቀመው ካፒላሪ የተባለውን ቀጭን ቱቦ ስለሆነ የሚዞር ብሎን የለውም። በሆቴሎችና በሥጋ ቤቶች ቀዝቃዛ ክፍሎች ግን በብዛት የሚገኘው በሙቀት የሚታዘዝ የማስፋፊያ ቫልቭ ነው። ይህ መሣሪያ ዘመን ያስቆጠረ ነው። ማድስ ክላውሰን እ.ኤ.አ. በ1933 በዴንማርክ የመሠረተው፣ ዛሬ ዳንፎስ በሚል ስም የሚታወቀው ኩባንያ ሥራውን የጀመረው የማስፋፊያ ቫልቮችን በማምረት ነበር።

በቫልቩ ውስጥ በአንዲት ስስ የብረት ገበታ ላይ ሦስት ኃይሎች ይታገላሉ። በኢቫፖሬተሩ መውጫ ቱቦ ላይ የታሰረችው ቡልብ በውስጧ ያለው ጋዝ በሞቀ ቁጥር ገበታዋን ወደ መክፈት ትገፋለች። የኢቫፖሬተሩ ግፊትና በብሎን የምናጠብቀው ሞላ ደግሞ በጋራ ወደ መዝጋት ይገፋሉ። ቱቦው ሲሞቅ ቫልቩ ይከፈታል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል። ሞላው ባይኖር ኖሮ ቫልቩ ያለ ምንም ሱፐርሂት ይከፈት ነበር። በካቻቪቴ የምናዞረው ብሎን እንግዲህ የሞላውን ኃይል፣ በእርሱም በኩል የሱፐርሂቱን መጠን የሚወስን ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው ነገር አለ። ብሎኑ የሚያስተካክለው ግፊትን ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን ዲግሪን ነው። በግፊትና በዲግሪ መካከል ያለው ዝምድና ደግሞ በየመጠነ ሙቀቱ ይለያያል። የብዙው ስሕተት መነሻ ይኸው ነው።

አንድ ልክ ለሁሉም አይሆንም

የአር 134ኤን የግፊት ሠንጠረዥ ብንመለከት፣ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ የአንድ ዲግሪ ለውጥ ግፊቱን በ11 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይለውጠዋል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ግን የአንድ ዲግሪ ለውጥ የሚያመጣው 6 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያስከትል በምሳሌ እንይ። አንድ የፒያሳ ነጋዴ ቀዝቃዛ ክፍሉን ለትኩስ ሥጋ ይጠቀምበት ነበር እንበል። ጋዙ የሚፈላው በዜሮ ዲግሪ፣ ሱፐርሂቱም 5 ዲግሪ እንዲሆን ተስተካክሏል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሞላ ኃይል 57 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። የዓሣ ፈላጊ በሚበዛበት በጾም ወቅት ነጋዴው ክፍሉን ለበረዶ ዓሣ ማቆያ ሊለውጠው ፈለገና ቴርሞስታቱን ዝቅ አደረገው። ጋዙ አሁን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ብሎኑን ማንም አልነካውም፤ የሞላው ኃይልም ያው 57 ኪሎ ፓስካል ነው። በቡልቧ ውስጥ ያለው ጋዝ ከማሽኑ ጋዝ ጋር ተመሳሳይ ከሆነ ግን ቫልቩን ለመክፈት የሚያስፈልገው ሱፐርሂት ከ5 ወደ 8.6 ዲግሪ ከፍ ብሏል። ኢቫፖሬተሩ ተራበ፤ ዓሣው ቶሎ አይበርድም፤ ነጋዴውም «ጋዝ አንሶታል» ብሎ ባለሙያ ይጠራል።

ተገላቢጦሹ ደግሞ የባሰ ነው። ያው ቫልቭ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በ5 ዲግሪ ሱፐርሂት ተስተካክሎ ጾሙ ሲፈታ ክፍሉ ወደ ትኩስ ሥጋ ቢመለስ፣ በዜሮ ዲግሪ ላይ ሱፐርሂቱ ከ3 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ፈሳሽ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚያልፍበት በር ተከፈተ ማለት ነው።

የቫልቭ አምራቾች ይህን ችግር ስለሚያውቁ ቡልቧን ከማሽኑ የተለየ ጋዝ በመሙላት ልዩነቱን ያጠቡታል። ቫልቮችም ለአየር ማቀዝቀዣ፣ ለመካከለኛና ለዝቅተኛ መጠነ ሙቀት ተብለው ተለይተው የሚሸጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለሆነም ቫልቭ ሲገዛ «መጠኑ ይገጥማል» ማለት ብቻ በቂ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የምንፈልገው ሱፐርሂት ራሱ በየሥራው ይለያያል። በአምራቾች መመሪያ የተለመደው አሠራር በግምት ሲታይ፣ ጋዙ ከዜሮ በላይ በሚፈላበት የአየር ማቀዝቀዣ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ፣ ለትኩስ ምግብ በሚሆነው መካከለኛ ቅዝቃዜ ከ3 እስከ 6 ዲግሪ፣ በበረዶ ክፍል ደግሞ ከ3 ዲግሪ የማይበልጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከኢቫፖሬተሩ የሚወጣው ተን በዙሪያው ካለው የክፍሉ አየር በላይ ሊሞቅ አይችልም። በበረዶ ክፍል ውስጥ በአየሩና በሚፈላው ጋዝ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ ከዚያች ጠባብ ልዩነት ብዙውን ለሱፐርሂት ከሰጠን ለማቀዝቀዝ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ቅዝቃዜው በበረታ መጠን የሞላው ጠባይ ሱፐርሂቱን ወደ ላይ ሲጎትተው፣ የሥራው ፍላጎት ግን ወደ ታች ይጠራዋል። ሁለቱን የሚያስታርቅ በልኬት የሚሠራ ባለሙያ ብቻ ነው።

የሐዋሳ ከፍታና የጌጁ ንባብ

እስካሁን ያልኩት በማንኛውም አገር የሚሠራ ነው። አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንምጣ።

ሱፐርሂትን ለማወቅ ሁለት ንባቦች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የቱቦው መጠነ ሙቀት ሲሆን በቴርሞሜትር ይለካል። ሁለተኛው ጋዙ የሚፈላበት መጠነ ሙቀት ነው። ይህኛው በቀጥታ ስለማይለካ ግፊቱን በጌጅ አንብበን በሠንጠረዥ ወደ ዲግሪ እንለውጠዋለን። ችግሩ ያለው በዚህ ለውጥ ላይ ነው።

ጌጅ የሚያነበው ፍጹም ግፊትን ሳይሆን ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። በጌጁ ፊት ላይ የታተመው የዲግሪ ረድፍም ሆነ ከጋዙ ጋር የሚመጣው የኪስ ሠንጠረዥ የተዘጋጀው የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ለሆነበት ለባሕር ጠለል ነው። በሐዋሳ ከፍታ ግን የአየር ግፊት 82.5 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በመሆኑም በማሽኑ ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት አንድ ሆኖ ሳለ የሐዋሳ ጌጅ በባሕር ጠለል ካለው ጌጅ 19 ኪሎ ፓስካል ያህል አስበልጦ ያነባል። ሠንጠረዡን እንዳለ የተጠቀመ ሰው ጋዙ ከእውነተኛው በላይ በሆነ መጠነ ሙቀት የሚፈላ ይመስለዋል፤ ሱፐርሂቱንም ከእውነተኛው አሳንሶ ያሰላል።

ስሕተቱ በየመጠነ ሙቀቱ እኩል አይደለም። ለአር 134ኤ ባደረግሁት ስሌት መሠረት፦

ጋዙ በዜሮ ዲግሪ ሲፈላ የሐዋሳ ጌጅ 210 ኪሎ ፓስካል ያነባል፤ ስሕተቱ 1.7 ዲግሪ ገደማ ነው።

ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲፈላ ጌጁ 118 ኪሎ ፓስካል ያነባል፤ ስሕተቱ 2.3 ዲግሪ ገደማ ነው።

ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲፈላ ጌጁ 50 ኪሎ ፓስካል ያነባል፤ ስሕተቱ 3 ዲግሪ ገደማ ነው።

ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲፈላ ጌጁ 2 ኪሎ ፓስካል ብቻ ያነባል፤ ስሕተቱ ከ4 ዲግሪ ያልፋል። በባሕር ጠለል ቢሆን ኖሮ በዚህ መጠነ ሙቀት ጌጁ ከዜሮ በታች ወርዶ ቫኩም ባሳየ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር፣ ማለትም ጥንቃቄው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ ስሕተቱም እየሰፋ መሄዱን ነው። አንድ ባለሙያ ጋዙ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በሚፈላበት ማሽን ላይ ቢሠራ፣ የመውጫው ቱቦም ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ቢሆን፣ እውነተኛው ሱፐርሂት 5 ዲግሪ ነው። ያልታረመው ሠንጠረዥ ግን ጋዙ ከዜሮ በታች 17 ላይ እንደሚፈላ ስለሚነግረው ሱፐርሂቱ 2 ብቻ ነው ብሎ ይደመድማል። «ፈሳሽ ወደ ኮምፕረሰሩ እየሄደ ነው» በማለት በቅን ልቡና ብሎኑን ያጠብቃል። ንባቡ 5 ሲሆንለት እውነተኛው 8 ደርሷል። ሰውየው አልሰነፈም፤ ለክቷል፤ አስልቷል። የተሳሳተው ሠንጠረዡ የተሠራበት አገር ነው።

የሚገርመው ነገር ቫልቩ ራሱ በከፍታ የማይታለል መሆኑ ነው። በቫልቩ ገበታ ላይ የሚታገሉት የቡልቧና የኢቫፖሬተሩ ግፊቶች ሁለቱም ከውጭው አየር የታሸጉ ስለሆኑ ቫልቩ በጅቡቲ ወደብም ሆነ በሐዋሳ ያው ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ በትክክል ተስተካክሎ የመጣ ቫልቭ ሐዋሳ ሲደርስ በእኛ የንባብ ስሕተት ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ስለሚወርድ በዚያው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ስሕተቱ 4 ዲግሪ ይደርሳል።

«ልምድ ይበቃል» ለሚሉ

ይህን ሐሳብ የማይቀበሉ ወገኖች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። መከራከሪያቸውም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የመጀመሪያው «እጄ ይነግረኛል፤ ቱቦውን ዳስሼ አውቀዋለሁ» የሚለው ነው። የአንጋፋ ባለሙያዎች ልምድ ትልቅ ሀብት ነው። የኮምፕረሰር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚለይ ባለሙያ መጽሐፍ ብቻ ካነበበ ተማሪ እጅግ ይሻላል። ይሁን እንጂ የእጃችን ቆዳ የሚሰማው መጠነ ሙቀትን ሳይሆን ሙቀት ከቆዳው የሚወጣበትን ፍጥነት ነው። እኩል የቀዘቀዙ መዳብና ፕላስቲክ ሲዳሰሱ መዳቡ ይበልጥ የሚበርደው ለዚህ ነው። ውርጭ በለበሰ ቱቦ ላይ ከዜሮ በታች 14ን ከዜሮ በታች 17 የሚለይ እጅ የለም። ልምድ የት መፈለግ እንዳለበት ይነግረናል፤ ስንት እንደሆነ የሚነግረን ግን መለኪያ ነው።

ሁለተኛው «ሦስት ዲግሪ ምን አላት?» የሚለው ነው። ለክፍሉ አየር ሦስት ዲግሪ ትንሽ ልትመስል ትችላለች። ዒላማው ራሱ 5 ዲግሪ ለሆነ ነገር ግን ሦስት ዲግሪ ከግማሽ በላይ ነው።

ሦስተኛው «አብዛኛው የፒያሳ ፍሪጅ ካፒላሪ ነው፤ የሚዞር ብሎን የለውም፤ ታዲያ ምን አገባን?» የሚል ነው። በካፒላሪ ማሽን ሱፐርሂትን በዋነኛነት የሚወስነው የተሞላው የጋዝ መጠን ነው። ጋዙ በሚዛን ሳይሆን በጌጅ እየታየ ብቻ ሲሞላ ያው የከፍታ ስሕተት ተከትሎ ይገባል። ብሎን ባይኖርም ልኬቱ ይፈለጋል።

አራተኛው «ዘመኑ የኤሌክትሮኒክ ቫልቭ ነው፤ ራሱን ያስተካክላል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ እነዚህ ቫልቮች የተሻሉ ናቸው። ሆኖም እነርሱም ግፊትን በሰንሰር አንብበው ወደ ዲግሪ የሚለውጡ ስለሆኑ ሰንሰሩ የሚሰጠው ፍጹም ግፊትን ነው ወይስ ከአየር ግፊት በላይ ያለውን የሚለው ጥያቄ እዚያም ይከተለናል። ዲጂታል ጌጆችም ቢሆኑ አንዳንዶቹ የአካባቢውን ከፍታ እንድናስገባላቸው ይጠይቃሉ፤ ካልነገርናቸው አያውቁም።

በተጨማሪም ጋዞቹ እየተለወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት አር 22 ከአገልግሎት እየወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የተደረሰው ማሻሻያ ደግሞ እነ አር 134ኤንም ደረጃ በደረጃ እንድንቀንስ ያስገድዳል። በምትካቸው የሚመጡት ጋዞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው። አንዳንዶቹም እንደ አር 407ሲ ያሉ ድብልቆች ናቸው። የእነዚህ ድብልቆች መፍላት የሚጀምርበትና የሚጨርስበት መጠነ ሙቀት በ5 ዲግሪ ያህል ስለሚለያይ ለሱፐርሂት የሚወሰደው መፍላቱ የሚያልቅበት፣ የጤዛ ነጥብ የሚባለው ረድፍ ነው። ለአንድ ጋዝ የለመደ እጅ ለሌላው እንግዳ ነው። በልኬት የሚሠራ ግን ሠንጠረዡን ብቻ ይለውጣል።

እንዴት ይለካ?

ነገሩ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ብሎኑን ከመንካት በፊት ሌላው ሁሉ ይታይ። ኢቫፖሬተሩ በረዶ ከጋገረ ይሟሟ፤ ማራገቢያው ይፈተሽ፤ የጋዙ መጠንና ማጣሪያው ይታይ፤ ቡልቧ ከቱቦው ጋር በደንብ መታሰሯና መሸፈኗ ይረጋገጥ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው፤ የሚቀጣው ግን ብሎኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ክፍሉ ወደሚሠራበት መጠነ ሙቀት እስኪቃረብ ይጠበቅ። ገና የተነሣ፣ ውስጡ የሞቀ ክፍል ኢቫፖሬተሩን ስለሚያጨናንቀው ሱፐርሂቱ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚያ ሰዓት ቫልቩን የከፈተ ባለሙያ ሌሊት ክፍሉ ሲበርድ ፈሳሽ ወደ ኮምፕረሰሩ ይለቃል። ጠዋት ሌላ ሰው ተጠርቶ መልሶ ይዘጋዋል።

ሦስተኛ፣ ግፊቱ በተቻለ መጠን ከኢቫፖሬተሩ መውጫ አጠገብ ይነበብ፤ የቱቦው መጠነ ሙቀት ቡልቧ ባለችበት አካባቢ፣ ቴርሞሜትሩ ከአየር ተሸፍኖ፣ ይለካ።

አራተኛ፣ በሐዋሳ ከጌጁ ንባብ 19 ኪሎ ፓስካል፣ ወይም 0.19 ባር፣ ወይም 2.7 ፒ ኤስ አይ ይቀነስና ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡ ይታይ። ይህ ቅናሽ ለየትኛውም ጋዝና ለየትኛውም መጠነ ሙቀት አንድ ነው፤ በዲግሪ የሚለያየውን ስሕተት ሠንጠረዡ ራሱ ያርመዋል። ጌጁ ከማሽኑ ተፈትቶ በነጻ አየር ሲነበብ ዜሮ ማሳየቱም አስቀድሞ ይረጋገጥ።

አምስተኛ፣ ብሎኑ መዞር ካለበት ሩብ ዙር ብቻ ይዙር። በአብዛኞቹ ቫልቮች ወደ ቀኝ ማዞር ሱፐርሂትን ይጨምራል። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቆ እንደገና መለካት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ዙር ያዞረ ሰው የት እንደነበረም የት እንደደረሰም አያውቅም።

ምን ይደረግ?

ጉዳዩ የአንድ ብሎን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮምፕረሰር ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ለአንድ አነስተኛ ነጋዴ የተቃጠለ ኮምፕረሰር ማለት ወራት የለፋበት ትርፍ ማለት ነው። የተበላሸ ዓሣ ወይም ወተት ማለት ደግሞ የነጋዴው ኪሳራ፣ የዓሣ አጥማጁ ድካም፣ የበላተኛውም ጤና ነው። ይህ ሁሉ በሂሳብ ማሽን በደቂቃ ሊሠራ በሚችል መቀነስ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ሳለ መቀነሱን የሚያስተምር መጥፋቱ ሊያሳስበን ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የዩኒቨርሲቲያችን የፊዚክስና የምህንድስና ተማሪዎች በከተማው ለሚሠራባቸው ጋዞች ሁሉ ለሐዋሳ ከፍታ የተሰላ የግፊት ሠንጠረዥ በአማርኛና በሲዳምኛ አዘጋጅተው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና በጥገና ቤቶች ግድግዳ ላይ ይስቀሉ። ይህ ለአንድ የመመረቂያ ሥራ እንኳ የማይበዛ፣ ለከተማው ግን ለዓመታት የሚጠቅም ነው። በሌሎች ከተሞች ያሉ ተማሪዎችም ለድሬዳዋ፣ ለጋምቤላና ለየአካባቢያቸው የየራሳቸውን ቢያሰሉ መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ የጥገና ባለሙያዎች ቫልቭ ባስተካከሉ ቁጥር የጋዙን ዓይነት፣ ጋዙ የፈላበትን መጠነ ሙቀት፣ የተገኘውን ሱፐርሂትና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፈው በማሽኑ ላይ ይለጥፉ። ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ከዜሮ አይጀምርም። ሐኪም የሕመምተኛውን ካርድ ሳያይ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ ታሪኩ ያልተጻፈ ማሽንም በግምት ከመታከም አይድንም።

ሦስተኛ፣ ባለ ንብረቶች ሒሳብ ከመክፈላቸው በፊት አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ሱፐርሂቱ ስንት ሆነ? በስንት ዲግሪ ላይስ ተለካ?» ይበሉ። ጥያቄው ባለሙያውን ለመፈተን ሳይሆን ለክቶ የሚሠራውን ባለሙያ ለማክበር ነው። ገምቶ የሚሠራና ለክቶ የሚሠራ እኩል በሚከፈላቸው ገበያ የመለኪያ መሣሪያ የሚገዛ ሰው አይገኝምና።

ለተማሪ አንባብያን ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር። በክፍል ውስጥ ስለ ድብቅ ሙቀት፣ ስለ ግፊትና ስለ መፍያ ነጥብ የምንማረው ለፈተና ብቻ የሚመስለን ጊዜ አለ። ከግቢው በር ወጥቶ ፒያሳ ሲደረስ ግን እያንዳንዱ ሥጋ ቤት የዚህ ትምህርት ላቦራቶሪ ነው። ቴርሞሜትርና ሠንጠረዥ ይዞ ወደ አንድ የጥገና ባለሙያ ዘንድ ሄዶ «ጋሼ፣ አብረን እንለካ» የሚል ተማሪ ብዙ ይማራል፤ ጥቂትም ያስተምራል። ቸር ይግጠመን።